አህያዋ የተበላችው በደብረ ዘይት ሳምንት ነበር

አባቴ ሦስት አህዮች ነበሩት፤ ከሦስቱ ጅብ የበላት ቡሊቷን ነው። ጊዜው የዐቢይ ጾም እኩሌታ፣ የደብረ ዘይት ሳምንት ሲሆን እኔ ያኔ የ11 ዓመት ልጅ ነበርኩ። አባቴ በመንዝ ካለው ከመሐል ሜዳ ገበያ ጭኖ ሲመለስ መሽቶበት፣ የቡሊቷን ጀርባ ጭነቱ ልጦት ስለነበር፣ ሌሎቹ እንዳይተሻሹባት ብሎ ከጋጣው ለይቶ ደጅ ከድርቆሹ ክምር ጎን በጠፍር አሰራት። በእርግጥ ጋጣውም ቢሆን ያን ሰሞን አስተማማኝ አልነበረም፤ የመዝጊያው ማጠፊያ ከተነቀለ ከሳምንት በላይ ሆኖት፣ ሌሊት ሌሊት ድንጋይ እየተደገፈ ነበር የሚያድረው። ሌሊቱን ውሻችን ለረጅም ጊዜ ጮኸ። እናቴ ግን የነቃችው በጩኸቱ አልነበረም፤ ውሻው ድንገት ዝም ሲል ነው የነቃችው። አባቴን ቀሰቀሰችው፣ እሱም ፍም የያዘ ኩበት በገል ይዞ በሩን ከፍቶ ወጣ፣ ብዙም ሳይቆይ ተመልሶ ገባና «አልቋል» አለ።

ሲነጋ ያየሁት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ። ውርጩ ሣሩን አንጥቶታል፤ በነጩ ላይ አንድ የተጎተተ ነገር ያሰመረው ጥቁር መንገድ ከድርቆሹ ጀምሮ እስከ ወንዙ አፋፍ ድረስ ይወርዳል። አፋፉ ላይ የቀረው ገና አረንጓዴነቱ ያልለቀቀ ፈርስ፣ አንድ ሰኮና እና ጠፍሩ ብቻ ነበር። አጥንት እንኳ አልተረፈም። አባቴ ጎንበስ ብሎ ጠፍሩን አነሣ፣ ደሙን በሣሩ ጠረገ፣ ከዚያም ከገበያ ሲመለስ እንደሚያደርገው ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አንጠለጠለውና ወደ ቤት አቀና። እኔ ተከትዬው ስሄድ አንድም ቃል አልተናገረም።

የጎረቤቱ ወሬ ግን እስከ ትንሣኤ ድረስ አላቆመም። አህያዋን ገበያ ላይ ማን እንዳያት፣ «እንዴት ያለች አህያ ናት» ያለው ማን እንደሆነ፣ ከወንዝ ማዶ ካሉት ሸክላ ሠሪዎች መካከል የትኛዋ ያን ቀን በደጃችን እንዳለፈች በየቡናው ተጠያየቁ። ጅቡ ጅብ መሆኑ ራሱ ለጥርጣሬ ቀርቦ ነበር። ስለ ማጠፊያው ግን፣ ከእናቴ በቀር፣ አንድም ሰው ነገር ሲያነሣ አልሰማሁም። እሷም የተናገረችው ለአባቴ ብቻ ነበር፤ እሱም በማግስቱ ማጠፊያውን ጠግኖ ጨረሰ። ሥራው ግማሽ ሰዓት እንኳ አልወሰደበትም።

ከብዙ ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ አንድ የምርምር ጽሑፍ እጄ ገባና ያቺን አህያ መልሶ አስታወሰኝ። ተመራማሪዎቹ በትግራይ ገጠር ከዐቢይ ጾም በፊት፣ በጾሙ ጊዜ እና ከጾሙ በኋላ የጅብ ኩስ እየሰበሰቡ፣ በውስጡ የተገኘውን ፀጉር በመለየት ጅቦቹ ምን እንደበሉ መረመሩ። ያገኙት ውጤት ለእኔ ከማንኛውም ተረት ይልቅ አስደናቂ ነው። ሕዝቡ ለ55 ቀናት ሥጋ ሲተው፣ ከየቤቱና ከየቄራው የሚጣለው አጥንት፣ ቆዳና አንጀት ይቋረጣል፤ ጅቡም ከተጣለ ትራፊ ወደ አደን ይዞራል። የሚያድነውም አህያን ነው፤ በጾሙ ጊዜ የአህያ ፀጉር የተገኘበት የኩስ ድርሻ ከቅድመ ጾሙ ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። ጾሙ ተፈትቶ እርድ ሲጀመር ደግሞ ቁጥሩ መልሶ ቀነሰ። ይህን ሳነብ መጀመሪያ ያደረግሁት ነገር ቡሊቷ የተበላችበትን ሳምንት መቁጠር ነበር። ጎረቤቶቻችን የሰው ዓይን ሲፈልጉ የከረሙበት ጉዳይ፣ ለካስ በእኛው ባሕረ ሐሳብ ውስጥ ተጽፎ ኖሯል።

ይህን ጽሑፍ የምጽፈውም በዚህ ምክንያት ነው። ስለ ዱር እንስሳት አደጋ የምንነጋገርበት መንገድ ሁልጊዜ ወደ እንስሳው ጠባይ ያዘነብላል፤ ጅቡ ደፈረ፣ ጅቡ ሰው ለመደ፣ ጅቡ ተራበ እንላለን። በእኔ ግምት ግን ጅብ የሚያደርገው ነገር ሁሉ እኛ የምናደርገውን ተከትሎ የሚመጣ ነው፤ ምን እንደምንጥል፣ የት እንደምንተኛ፣ በስንት ሰዓት ከቤት እንደምንወጣ እና መዝጊያችን እንዴት እንደሆነ ከእኛ በተሻለ ያውቃል።

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚኖረው ዝንጉርጉሩ ጅብ ነው። ክብደቱ በአብዛኛው ከ45 እስከ 80 ኪሎ ሲሆን፣ ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች፤ መንጋውንም የምትመራው እሷ ናት። ሌሎች የአፍሪካ አገሮች ውስጥ፣ የሜዳ አህያና የዱር ጎሽ በሚሰማራባቸው ሜዳዎች፣ ይህ እንስሳ ጥንብ ለቃሚ ተብሎ መታማቱ ስሕተት እንደሆነ ከታወቀ ቆይቷል፤ ምግቡን አብዛኛውን ጊዜ በራሱ አድኖ ነው የሚበላው። በእኛ ደጋ ግን የሚታደነው የዱር እንስሳ አልቆ ወይም ተመንምኖ፣ ጅቡ የሚኖረው ከሰው ጋር ነው፤ ከሰው ቤት በሚጣለው፣ በሞተ ከብት፣ ካልሆነም በቆመው ከብት። አጥንት ሰባብሮ የሚፈጭ መንጋጋ አለው፤ ከሆዱ የሚወጣው ኩስ በካልሲየም ብዛት ደርቆ እንደ ኖራ የሚነጣውም አጥንቱን ስለሚፈጨው ነው። ልጆች ሳለን ነጩን ኩስ በድንጋይ እየፈጨን ጤፍ ዱቄት ነው እያልን እንጫወትበት ነበር። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል።

የእኛ ጓዳ ሲራቆት የጅቡ አዳር እንዴት እንደሚለወጥ ታሪክም አለን። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የቆየው ክፉ ቀን የጀመረው በከብት እልቂት ነው። ጣልያኖች በምጽዋ በኩል ካስገቧቸው በሽታው ካለባቸው ከብቶች የተነሣው የከብት ደስታ በሽታ፣ ከ10 ከብት 9ኙን እንደጨረሰ ይገመታል። (በሽታውን «ደስታ» ብለው የሰየሙት ሰዎች ስሙን በቀጥታ መጥራት ምን ያህል ፈርተው እንደነበር አስቡት።) በሬ ሲጠፋ እርሻ ቆመ፣ እርሻ ሲቆም ሰው አለቀ። በመጀመሪያ በየሜዳው የወደቀው የከብት ሬሳ ጅቡን አጠገበው፣ አበዛውም፤ ከብቱ ሲያልቅ ደግሞ ያ የበዛ ጅብ የሚበላው ያጣው በሰው መካከል ነበር። የዘመኑ ጸሐፊዎች ጅብ በቀን መንደር መግባቱን፣ ከረኃቡ የተነሣ መነሣት ያቃተውን ሰው ነፍሱ ሳይወጣ ከደጁ መጎተቱን መዝግበዋል። አያቴ ከአያቷ የሰማችውን ስትነግረን «መዝጊያ የሚዘጋ ጉልበት ያለው ሰው ጠፍቶ ነበር» ትል ነበር። ያ አነጋገር ከአእምሮዬ አልጠፋም፤ ከረኃቡ ሁሉ እሷ ይዛ የቀረችው መዝጊያውን ነው።

በሰላሙ ጊዜስ ጅብ የሚነክሰው ማንን ነው? ቆሞ የሚሄድን ጤነኛ ጎልማሳ ብዙውን ጊዜ አይደፍርም። የሚደፍረው ሕፃንን፣ የታመመን፣ ጠጥቶ መንገድ ላይ የወደቀን እና ከሁሉም በላይ ደጅ የተኛን ሰው ነው። የተኛ ሰው ላይ የሚደርሰው ጉዳት አሰቃቂ ነው፤ ተሸፋፍኖ የተኛ ሰው ከጋቢው ውጭ የሚቀረው ፊቱ በመሆኑ፣ ቁስሉም ብዙ ጊዜ ፊት ላይ ነው የሚሆነው። እንግዲህ በገጠራችን ደጅ የሚያድረው ማን እንደሆነ እንቁጠር። ከኅዳር እስከ ጥር እህሉ አውድማ ላይ ሲሆን፣ ሌባና ከብት እንዳይደፍረው የሚጠብቀው ወጣት ጭዱ ላይ ይተኛል። ጸበል ፍለጋ ከሩቅ የመጣ በሽተኛ በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ፣ ማደሪያው ሲሞላ፣ ከዛፍ ሥር ይተኛል። በጦርነት ወይም በድርቅ ከቀዬው የተፈናቀለ ቤተሰብ በላስቲክ ሥር ይተኛል። ከተማ ሲገባም ነገሩ አይለወጥም፤ በአዲስ አበባ፣ ከእንጦጦ ግርጌ እና በየወንዙ ገደል ውስጥ ጅብ ሲጮኽ እያደረ፣ የሚያሰጋው ግን የግንብ አጥር ያለውን ሰው ሳይሆን ጎዳና ላይ የሚያድረውን ነው። አንድ ሰው ተነክሶ ሲገኝ «ጅብ አስቸገረ» ተብሎ ጠመንጃ ይነሣል፤ ያ ሰው ለምን ደጅ አደረ ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ጠመንጃውም ቢሆን የሚያገኘው የነከሰውን ጅብ ሳይሆን በማግስቱ ቀድሞ የታየውን ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ።

እኔ ራሴ ከጅብ ጋር ፊት ለፊት የተገናኘሁት አንድ ጊዜ ነው። የ14 ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ከአጎቴ ጋር ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ገብስ ጭነን ወደ ወፍጮ ቤት ስንሄድ ነበር፤ በዚያ ሰዓት የምንሄደው ወረፋ ለመያዝ ነው፣ ምክንያቱም በአካባቢው ያለው ወፍጮ አንድ ብቻ ነበር። ጭጋጉ ወርዶ መንገዱን ስለሸፈነው ባትሪው የሚያሳየን ከእግራችን ሥር ያለውን ድንጋይ ብቻ ነው። አህያው ቀድሞን ቆመ፣ ጆሮውን አቁሞ ማንኮራፋት ጀመረ። አጎቴ ባትሪውን ቀና ሲያደርገው ከፊታችን ሃያ እርምጃ በማይሞላ ርቀት ላይ ሁለት አረንጓዴ ዓይኖች በሩ። ከጎናቸው ደግሞ ሌላ ሁለት። እኔ ዞሬ ለመሮጥ ስል አጎቴ በክርኔ ያዘኝና፣ ድምፁን ሳያሳንስ ሳያሳድግ፣ «ጀርባህን አትስጠው፤ ዱላህን ድንጋዩ ላይ ምታ» አለኝ። መታሁ፤ እጄ ግን ይንቀጠቀጥ ስለነበር የድንጋዩ ድምፅ የሰካራም ከበሮ ይመስል ነበር። አጎቴ በበኩሉ፣ ጎረቤቱን እንደሚገሥጽ ሰው፣ «ሂድ! ሂድ ከዚህ!» እያለ ባትሪውን ሳያነሣባቸው ቀስ ብሎ ወደፊት ተራመደ። አንደኛው ጅብ መጀመሪያ ዞረ። የኋላ እግሩ ከፊተኛው የሚያጥር በመሆኑ ወገቡ ቁልቁል ያዘቀዝቃል፣ ሲሄድም የታመመ ይመስላል። ጅብ እስኪነክስ ያነክሳል የሚለው ተረት ከየት እንደመጣ የገባኝ ያኔ ነው። ሁለተኛው ጥቂት ቆይቶ፣ አህያውን አይቶ አይቶ፣ ጓደኛውን ተከተለ። ወፍጮ ቤት ስንደርስ አጎቴ ስለ ጅቦቹ ለማንም አልተናገረም፤ ይልቅ ለወፍጮው ባለቤት «ሁለተኛ ሞተር ብታስገባ ኖሮ በቀን እንመጣ ነበር» ሲለው ሰማሁት።

ይህ የአጎቴ ምክር ከዚያ በኋላ ካነበብኳቸው የባለሙያ ምክሮች ጋር አንድ ሆኖ ነው ያገኘሁት፤ አለመሮጥ፣ ፊትን አለማዞር፣ ድምፅ ማሰማት፣ ልጅ ካለ ማቀፍ ወይም ከመሐል ማድረግ፣ ከተቻለም ብቻ አለመሄድ። ብቻ አለመሄድ የሚለው ግን ለመናገር ቀላል፣ ለመፈጸም ከባድ ነው። ውኃ ለመቅዳት ጎሕ ሳይቀድ የምትወጣው ልጅ አጃቢ ከየት ታመጣለች? ቤታቸው ሽንት ቤት የሌላቸው ሴቶች ቀን እንዳይታዩ ሲሉ የሚጠብቁት ጨለማውን ነው፤ ያ ጨለማ የጅቡም ሰዓት ነው።

አሁን ወደ ቡዳው ነገር ልመለስ። በተረታችን ጅብ «አያ ጅቦ» ነው፤ በመፈራቱ የተከበረ፣ በሞኝነቱ የሚሣቅበት፣ ሁልጊዜ በጦጣ የሚታለል ትልቅ ሰው። ይህን ተረት እወደዋለሁ፣ ለልጆቼም እነግራቸዋለሁ። ከዚያው ጓዳ የወጣው ሌላው እምነት ግን፣ ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ባለ እጁ ሁሉ ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው፣ ሰዎችን ከመንደር ያስወጣ፣ ከጋብቻና ከማኅበር የለየ፣ ቤተ እስራኤላውያንን ጭምር ለዘመናት ያሳደደ ነው። እነዚያ ከወንዝ ማዶ የነበሩ ሸክላ ሠሪዎች፣ ቡሊቷ ከተበላች በኋላ፣ እስከ ሰኔ ድረስ በእኛ መንደር በኩል ወደ ገበያ አላለፉም፤ ዙሪያውን በገደሉ ነበር የሚሄዱት። ገደሉ ደግሞ የጅብ ዋሻ ያለበት ነው። ይህን ነገር ያስተዋልኩት ካደግሁ በኋላ በመሆኑ አፍራለሁ።

ከጅብ ጋር ያለውን ነገር በሌላ መልክ የያዙት ሐረሮች ናቸው። በ16ኛው መቶ ዘመን በአሚር ኑር የተሠራው የጀጎል ግንብ በሮቹ ቢዘጉም ጅብ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉት፤ ወራባው፣ በሐረሪ አጠራሩ፣ ሌሊት በነዚያ ገብቶ የከተማውን ትራፊ ጠራርጎ ይወጣል። በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ ቀምሶ ቢበላ የዓመቱን ደኅንነት ያመለክታል ተብሎ ይታመናል። ከ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ወዲህ የተስፋፋው፣ ሥጋ በአጭር እንጨት አንጠልጥሎ በአፍ የማጉረሱ ትርኢት ለጎብኚ ዓይን የተመቸ ቢሆንም፣ እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ቀዳዳው ነው። ጅቡ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ አስቀድመው ወስነውለታል። ይህን ልማድ መንዝ ላይ እንትከለው ማለቴ አይደለም፤ ደጋ ላይ ተበታትኖ የሚኖር ገበሬ እንደ ከተሜ ግንብ የለውም።

በእኛ በመንዝ ያሉት የሌሎቹ እንስሳት አደጋ ከዚህ ቀላል ነው። መንዝ ጓሳ፣ ሕዝቡ ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው የጋራ መሬት አጠባበቅ ሥርዓት ተጠብቆ እንዲቆይ ያደረገው፣ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ስፋት ያለው የሣር ምድር፣ ቀይ ቀበሮ እና ጭላዳ ይኖሩበታል። ቀይ ቀበሮ አይጥ ለቃሚ ነው፤ በጭላዳው መንጋ መካከል ሆኖ አይጥ ሲያድን ከ3 ሙከራው 2ቱ ሲሳካለት፣ ብቻውን ሲሆን ከ4 አንዱ ብቻ እንደሚሳካለት እዚያው ጓሳ ላይ የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ጭላዳውም እሱን ዓይቶ አይሸሽም። ጭላዳ ሰውን አይነካም፤ ገብሱን ግን ይነካል። የሚጎዳውም በዚያ ነው፤ ክረምቱ ሲያልፍ ወንጭፍ ይዞ ማሳ የሚጠብቀው ልጅ ትምህርት ቤት በተከፈተበት ወር ክፍል አይገባም። እኔም በሁለት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያቋረጥኩት በጅብ ሳይሆን በጭላዳ ምክንያት ነው።

ወደ ደቡብ ሲኬድ ነገሩ ውኃ ላይ ነው። አርባ ምንጭ የሄደ ሰው ጫሞ ሐይቅ ላይ «አዞ ገበያ» የሚባለውን ቦታ በጀልባ ሆኖ ማየቱ አይቀርም፤ አዞዎቹ ዳር ላይ እንደ ግንድ ተደርድረው ፀሐይ ሲሞቁ ያስቃል እንጂ አያስፈራም። የጀልባው ቤንዚን ተከፍሏልና። ከዚያው ሐይቅ በጄሪካን ውኃ የሚቀዳው፣ ልብስ የሚያጥበው፣ ጉልበቱ ድረስ ገብቶ መረብ የሚዘረጋው ሰው ግን ያንኑ አዞ የሚያገኘው በሌላ መንገድ ነው፤ የአባይ አዞ ከ5 ሜትር በላይ ሊረዝም ይችላል፣ አፉን እስኪከፍት ድረስም ከውኃው በላይ የሚታየው ዓይኑና አፍንጫው ብቻ ነው። ጉማሬም እንዲሁ ነው፤ ሌሊት እስከ 40 ኪሎ ሣር ለመጋጥ ወደ የብስ ይወጣል፣ ንጋት ላይ ሲመለስ በእሱና በውኃው መካከል የተገኘን ሰው አይምርም። ንጋት ላይ ውኃው ዳር የሚገኘው ሰው ደግሞ ቤቱ ቧንቧ የሌለው ነው።

አንድ ነገር ሳልል ባልፍ ግን ቅር ይለኛል። ጅብ ከነከሰው ቁስል ይልቅ፣ ብዙዎችን የሚገድለው ውሻ የነከሰው ነው፤ በሰው ላይ ከሚደርሰው የእብድ ውሻ በሽታ 99 በመቶው የሚተላለፈው በውሻ ነው። ጅብ፣ ቀበሮ እና ድመትም በሽታው ሊይዛቸው ይችላል። ቀን ለቀን መንደር ውስጥ ሲንገዳገድ የሚታይ፣ ከሰው የማይሸሽ ጅብ የተራበ ብቻ ሳይሆን የታመመ ሊሆን ይችላል። ምልክቱ አንዴ ከጀመረ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከመጀመሩ በፊት ግን መዳን የሚቻልበት መንገድ የታወቀ ነው። ቁስሉን ወዲያው፣ በሚፈስ ውኃና በሳሙና፣ ለ15 ደቂቃ ያህል ማጠብ፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ሄዶ ክትባቱን መጀመርና መጨረስ። አንድ ዘመዴ ውሻ ነክሶት ሳለ ቅጠል ታሥሮለት፣ ቀጥሎ ጸበል ተጠምቆ፣ በ9ኛው ቀን ነው ወደ ጤና ጣቢያ የተወሰደው፤ እዚያም ክትባቱ ስላልነበረ ወደ ከተማ ተላከ። እሱ ተርፏል። ጸበሉን አትጠመቁ አልልም፤ እናቴም ብትሰማኝ አትፈቅድልኝም። የምለው፣ መርፌውን ተወግታችሁ ተጠመቁ ነው። ሆድ ላይ በየቀኑ የሚወጋውን የድሮውን ክትባት ያዩ ትልልቅ ሰዎች በፍርሃት ልጅ እንዳይሄድ ሲከለክሉ ሰምቻለሁ፤ የአሁኑ ክንድ ላይ የሚሰጥ፣ ቁጥሩም ያነሰ ነው።

መርዝ ስለሚያኖሩትም ሰዎች አንድ ቃል። ጅብ ጥጃ ሲበላ፣ በተረፈው ሥጋ ላይ መርዝ ነስንሶ የሚያድር ገበሬ አለ፤ ንዴቱ ይገባኛል፣ ለተበላ ከብት ካሳ የሚከፍል አካል በእኛ ቀበሌ አይቼም አላውቅም። ያ ሥጋ ግን ጅቡን ብቻ አይጠብቅም፤ ጥንብ አንሣው ቀድሞ ይደርስበታል፣ የጎረቤት ውሻም እንዲሁ። ልጅ ሳለሁ በሬ ሲሞት ሰማዩ ይጠቁር ነበር፤ አሁን ጥንብ አንሣ ማየት ብርቅ ሆኗል። አሞራ ያልጨረሰው ጥንብ ደግሞ ለጅብና ለባዘነ ውሻ ይተርፋል።

ባለፈው ዐቢይ ጾም ወደ ቤት ሄጄ ነበር። አባቴ ካረፈ 6 ዓመት ሆኖታል። የጋጣው መዝጊያ አሁን በቆርቆሮ የተለበደ ነው፤ ወንድሜ ሦስት ማጠፊያ አድርጎለታል፣ ከላይም አንድ አምፖል በሶላር ያበራል። የመጀመሪያውን ሌሊት ስተኛ ከገደሉ በኩል ጮኸ፤ ረጅም፣ መጨረሻው ላይ ሽቅብ የሚወጣ ድምፅ ነው። ጥቂት ቆይቶ ሌላው መለሰለት። ውሻው ተነሥቶ ወደ አጥሩ ሮጠ። እናቴ ከአልጋዋ ቀና ብላ አዳመጠች፤ ከዚያም ለወንድሜ በጨለማው ውስጥ፦

«አህዮቹን ቆጥረሃቸዋል?» አለችው።

«ሦስቱም ገብተዋል፣ እምዬ።»

«መወርወሪያውስ?»

ወንድሜ አልመለሰም። ሲነሣ፣ ጫማውን በእግሩ ሲፈልግ፣ ከዚያም ወጥቶ መወርወሪያውን ከቀለበቱ ጋር ገጭ ሲያደርገው ሰማሁ።